ስላይድ የማይነግረን ዕድሜ

በብሮንኮስኮፒ ከሳንባ ቧንቧ ተቆንጥሮ ወደ እኛ ወደ ፓቶሎጂስቶች የሚመጣው ናሙና ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መቆንጠጫው ከጨፈለቀው ደግሞ ሕዋሳቱ ጠቁረውና ተጎትተው መልካቸው ይጠፋል። ካርሲኖይድ የተባለው ቀስ ብሎ የሚያድግ የሳንባ ዕጢ እንዲህ ሲጨፈለቅ፣ ከሳንባ ካንሰሮች እጅግ ፈጣን የሆነውን ስሞል ሴልን ይመስላል። ክሮሞግራኒንና ሲናፕቶፊዚን የተባሉት ማቅለሚያዎችም ሁለቱንም ያቀልማሉ። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም፤ የመጀመሪያው በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ለሁለተኛው ዋናው ኬሞቴራፒ ነው።

ስለዚህ አስቀድሜ ያልተጨፈለቀ ጥግ እፈልጋለሁ። የካርሲኖይድ ሕዋሳት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ አስኳላቸው ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጥሎ ቆጠራ ነው። በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር ውስጥ በመከፋፈል ላይ ያሉት ሕዋሳት ከ2 ካነሱና የሞተ ቲሹ ከሌለ ዕጢው ረጋ ያለው ዓይነት ነው። ከ2 እስከ 10 ከደረሱ ወይም የሞተ ቲሹ ከታየ ጠንከር ያለው ነው። ስሞል ሴል ከ10 በላይ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በእጥፍ ድርብ። ግን ናሙናው ራሱ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ካልሞላ ምን ይቆጠራል? እኔ «ካርሲኖይድ» ብዬ አቆማለሁ፤ ዓይነቱ ዕጢው ሙሉውን ወጥቶ ሲመጣ ይለያል። በመከፋፈል ዑደት ላይ ያሉ ሕዋሳትን የሚያሳየው ኪ-67 የተባለ ማቅለሚያ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ያለው ባለሙያ ዕድለኛ ነው፤ ብዙውን ጥርጣሬ ይገላግለዋል።

ከማቅለሚያው ይልቅ የምመካው በታሪኩ ነው። ናሙናው የተዘረጋበት ስላይድ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ዕጢው ስንት ዓመት እንደቆየ አይናገርም። የመጠየቂያው ወረቀት «ሳል» ብቻ ብሎ ሲመጣ ለሐኪሙ እደውላለሁ። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ ወጣት፣ ለዓመታት የቆየ ሳል፣ አንዱ ቦታ ላይ የሚመላለስ የሳንባ ምች ከሰማሁ ወደ ካርሲኖይድ አዘነብላለሁ፤ ስሞል ሴል ይህን ያህል አይታገስም።

ካርሲኖይድ ከ100 የሳንባ ካንሰሮች 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። እኛ አገር ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ መጀመሪያ ቲቢ ይጠረጠራል፤ ትክክልም ነው። ባክቴሪያው ሳይገኝ መድኃኒቱ ተጀምሮ፣ ተጨርሶም ጥላው ራጁ ላይ ካልጠፋ ግን ሌላ መፈለግ ይገባል። የሚያፏጭ አተነፋፈስ ያለውም በአስም ስም ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ስላይዱ የማይናገረውን ዕድሜ የድሮ ራጅ ሊናገር ይችላልና፣ የድሮ ራጅዎን አይጣሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ ባይጠየቁም አውጥተው ያሳዩ።