ጭስ ያልነበራት ከተማ

ቻርልስ ዲክንስ የሰሜን እንግሊዟ የጥጥ ከተማ ፕሬስተን የደረሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1854 ነበር። ከተማዋ ጸጥ ብላለች። ሠራተኞቹ ቀደም ሲል ከደመወዛቸው የተቀነሰው 10 በመቶ ይመለስልን ብለው ሲነሡ ባለፋብሪካዎቹ በጥቅምት 1853 በሩን ዘጉባቸው። ከ15 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሴቶችና ወጣቶች፣ ያን ብርድ ያሳለፈው ከሌሎች ከተሞች ሠራተኞች በሚዋጣ ሳንቲም ነው። ዲክንስ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች ጭስ የሌላቸው መሆኑን ነው።

ሁከት ፍለጋ የሄደ ሰው ከነበረ አላገኘም። በየካቲት ባሳተመው «ኦን ስትራይክ» በተሰኘው መጣጥፉ የሠራተኛ ተወካዮቹን ስብሰባ ይተርካል። ቦታው ድሮ ዶሮ ይዋጋበት የነበረ አዳራሽ ነው። አንድ ጯሂ ተናጋሪ ስብሰባውን ሊያምስ ሲሞክር ሰብሳቢው በጨዋነት ያስቆመዋል፤ ተሰብሳቢውም ከጯሂው ይልቅ ሰብሳቢውን ይሰማል። ዲክንስ አድማውን ስሕተት ነው ይላል፤ የሰዎቹን ሥርዓትና ትዕግሥት ግን አይክድም።

በሚያዝያ «ሃርድ ታይምስ» መታተም ሲጀምር ይህ ሁሉ ተገልብጧል። የልብ ወለዱ ከተማ ኮክታውን ጭሷ እንደ እባብ እየተጠመጠመ መቼም አያባራም። ጯሂው ስላክብሪጅ ተብሎ መድረኩን ይዟል፤ አዳራሹም ሁሉ ለእሱ ነው። ማኅበሩን አልገባም ያለውን ሸማኔ ስቲቨን ብላክፑልን ጓደኞቹ በዝምታ ያገልሉታል፣ ባለፋብሪካው ያባርረዋል፣ በመጨረሻም የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ይውጠዋል። ስቲቨን የማይገባበትም ምክንያት ለራሔል የገባው ቃል ነው፤ ቃሉ ለምን እንደተገባ ግን ልብ ወለዱ በቅጡ አይነግረንም። (ዲክንስ ምክንያቱን የሚያስረዳውን ምንባብ፣ የራሔልን ታናሽ እህት ክንድ ማሽን የቆረጠበትን፣ ከኅትመት በፊት አውጥቶታል። ያ ቢቀር ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።)

በርናርድ ሾው ልብ ወለዱን እያደነቀ፣ ስላክብሪጅን ግን የመካከለኛው መደብ ምናብ የወለደው ነው ብሎታል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ለዲክንስ ግን በጣም ይራራል። ዲክንስ የሠራተኛ ስብሰባ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን «ምናብ» ማለት ይበቃ ነበር። እሱ ግን አይቷል፣ ጽፏል፣ አሳትሟል፤ ያውም በዚያው በራሱ መጽሔት። ኮክታውን ፕሬስተን ናት መባሉን አልወደደውም፤ ይህ የሚታመን ነው፤ ልብ ወለድ ዘገባ አይደለም። ጥያቄው ለምን ያየውን አልቀዳም አይደለም። ጥያቄው ልብ ወለዱ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሲያስብ ማሳየት ያቃተው ለምንድን ነው የሚል ነው። ባለፋብሪካዎቹ ሠራተኛውን «እጆች» እያሉ መጥራታቸውን መጽሐፉ በምሬት ይዘልፋል። (አማርኛችን «የሰው ኃይል» ሲል ቢያንስ ሰውየውን አይጥለውም።) ነገር ግን ዲክንስ ራስ የሚሰጠው ብቻውን ለቆመ ሠራተኛ ነው። ሊያዝንለት የሚችለው ጓደኛ ሲያጣ ነው።

ይህ የዘመኑ ገደብ ነው እንዳይባል፣ በዚያው መጽሔት በዚያው ዓመት መስከረም የኤልዛቤት ጋስኬል «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» መውጣት ጀመረ። ጋስኬል ማንቸስተር ትኖር ነበር። የእሷ ኒኮላስ ሂጊንስ የማኅበር ሰው ነው፤ ይከራከራል፣ ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፤ አንባቢም ለምን እንዳደመ ከእሱ አፍ ይሰማል።

የፕሬስተን ሠራተኞች 10 በመቶውን ሳያገኙ ወደ ፋብሪካ የተመለሱት «ሃርድ ታይምስ» መታተም ከጀመረ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ጭሱም ያኔ እንደገና መውጣት ጀመረ።