ቀጥታ መስመር የደበቀው ሩጫ

መስከረም 8 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2021) ናይሮቢ በሚገኘው የካሳራኒ ስታዲዮም በተካሄደው የኪፕ ኬይኖ ክላሲክ ውድድር፣ ኬንያዊው ፈርዲናንድ ኦማንያላ 100 ሜትር በ9.77 ሴኮንድ ሮጦ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ። አሜሪካዊው ትሬቨን ብሮሜል በ9.76 ቀድሞት ስለ ነበር የወጣለት ሁለተኛ ነው።

ይህን ውጤት ለተማሪ ሰጥተን የርቀትና የጊዜ ግራፍ እንዲሠራ ብናዝዘው፣ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ ተነሥቶ 100 ሜትር የሚደርስ አንድ ቀጥታ መስመር ያሰምራል። ስሎፑንም አስልቶ 10.24 ሜትር በሴኮንድ ይላል። እኛም ምልክት አድርገን እናልፋለን። ጥፋቱ ግን የተማሪው አይደለም፤ በየመልመጃው «በቋሚ ፍጥነት ሲጓዝ» የሚለውን ሐረግ እየደጋገምን ያስለመድነው እኛው ነን።

እስቲ መስመሩ የሚለውን እናንብብ። ስሎፑ በየቦታው አንድ ስለሆነ፣ ሯጩ ተኩሱ በተሰማበት ቅጽበት በ10.24 ሜትር በሴኮንድ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ግን እግሩ ገና መነሻው ላይ ነው፤ ፍጥነቱም ዜሮ ነው። እንግዲያው እውነተኛው ኩርባ ሲነሣ የተጋደመ፣ ከዚያ ሽቅብ እየቀና የሚሄድ መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የታካኪው መስመር ስሎፕ፣ ማለትም ዲሪቬቲቩ፣ የዚያን ቅጽበት ፍጥነት ይነግረናል።

አሁን የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ እንሥራ። ከኩርባው በታች ያለው ስፋት፣ ማለትም ኢንተግራሉ፣ 100 ሜትር ሊሆን ይገባዋል። ከዜሮ የተነሣው ሯጭ ከ10.24 በላይ ፈጥኖ ባያውቅ ኖሮ ስፋቱ ከ100 ያንስ ነበር። ስለዚህ በመካከል አማካዩን ማለፉ ግድ ነው። ይህን ለማወቅ የሩጫው ፊልም አያስፈልግም፤ ግራፉን ማስተዋል ብቻ ይበቃል። ቀጥታው መስመር የደበቀውም ይህንኑ ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። የአጭር ርቀት ሯጮች ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ፍጥነታቸው ጥቂት ይቀንሳል፤ ኩርባውም ዝቅ ይላል። ይህን ያየ ተማሪ «ሯጩ ወደ ኋላ ተመለሰ» ይላል። ግራፉን እንደ መንገድ ሥዕል ስለሚያየው ነው። ኩርባው ከዜሮ በላይ እስካለ ድረስ ሯጩ ወደፊት እየሄደ ነው፤ ኔጌቲቭ የሆነው ፍጥነቱ ሳይሆን የፍጥነቱ ለውጥ ነው።

«ካልኩለስን ያልተማረ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?» የሚል መምህር ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀጥታ መስመርም ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ስሙን «የአማካይ ፍጥነት መስመር» ብለን እንጥራው። ስፋቱንም በካሬ ወረቀት ላይ ካሬዎችን እየቆጠሩ ማግኘት ይቻላል። ኢንተግራል የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ ሲመጣ፣ ለተማሪው የሚያውቀው ነገር ስም ይሆንለታል እንጂ አዲስ ሸክም አይሆንበትም።

ቀመሩን በቃሉ ይዞ ሙሉ ነጥብ ያገኘ፣ ግን ሯጩ መቼ እንደ ፈጠነ መናገር የማይችል ተማሪ፣ ያላስተማርነው ተማሪ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «መቼ?» ብለን እንጠይቀው።