«ስለ ኢትዮጵያ» የሚለው መደርደሪያ፦ ለፌርፋክስ ልጆች መጽሐፍ ስለ መምረጥ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ሲወርድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባላል። ስሙን የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ በርበሬው፣ ነጠላው በዚያች አጭር መንገድ ላይ አለ። በሰፈሩ የሚያድግ ልጅ የሚዋሰው መጽሐፍ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ የፌርፋክስን ስም የያዘው የቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ እንኳ የሚገኘው ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ጋርድነር መንገድ ላይ ነው። ቢሆንም መንገዱ ክፍት ነው። የሎስ አንጀለስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሐል ከተማ ካለው ዋና ሕንጻ ሌላ 72 ቅርንጫፎች አሉት፤ ካርዱ በነጻ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ መጽሐፍ ያዘገየ ሰው የገንዘብ ቅጣት የለበትም። አንዱ ቅርንጫፍ ያለውን መጽሐፍ ቤት አጠገብ ወዳለው ቅርንጫፍ ማስመጣት ይቻላል። የሚቸግረው «ለዚህ ልጅ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሰጠው የመጽሐፍ ምክር፣ ከባለሙያም ይምጣ ከወላጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው። ካታሎጉ ላይ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፋል፤ የወጣው ሁሉ ይታዘላል። ለትንንሾቹ ተረት ይደርሳቸዋል፤ ከፍ ላሉት ረኃብ፣ ጦርነት፣ ስደትና ጉዲፈቻ። የዕለት ተዕለቱ ኑሮ፣ ጨዋታው፣ ቅናቱ፣ ሳቁ አብሮ አይመጣም። በ1990 ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ለልጅ መጽሐፍ መስኮትም መስታወትም ነው ብለው ጻፉ፤ አባባሉ ዛሬም በልጆች መጻሕፍት ባለሙያዎች ዘንድ ይጠቀሳል። የአገር ስም ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ እንደ መስታወት መቁጠር ግን ሐሳቡን ማጣመም ነው። ፌርፋክስ አካባቢ የተወለደች የዘጠኝ ዓመት ልጅ የድርቅ ዘመን ሕፃን ፎቶ ስታይ ራሷን አታይም፤ ሰው እሷን በምን ዓይን እንደሚያያት ነው የምታየው። ይህ ከተደጋገመባት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት «የኢትዮጵያ መጽሐፍ» ማለት ወይ የቤት ሥራ ወይ ሐዘን ነው ብላ ትደመድምና ወደዚያ መደርደሪያ አትመለስም።

መጽሐፍ የሚመረጠው በውስጡ በሚሆነው ነገር መሆን አለበት። ልዩነቱን ለማየት አንድ ተረት በሁለት መጽሐፍ ማንበብ ይበቃል። ተረቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፦ አንድ ድኻ ብርድ በሚጠብሰው ተራራ ላይ ራቁቱን እንዲያድር ከሀብታም ጋር ይወራረዳል፤ ከሩቅ የሚታይ እሳት እየተመለከተ ያነጋል፤ ሀብታሙ ግን «እሳት አይተሃል፣ ስለዚህ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል። በመጨረሻ ሀብታሙ የምግብ ሽታ ብቻ የሚቀርብበት ግብዣ ይጠራል።

በ1950 ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው ይህን ተረት ከሌሎች ጋር ሰብስበው በእንግሊዝኛ አሳተሙት። መጽሐፉ «ዘ ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን ኤንድ አዘር ኢትዮፒያን ስቶሪስ» ይባላል። ሌስላው አማርኛን ለውጭ አገር ተማሪ ያስተማሩት ሊቅ ናቸው፤ ከ1955 ጀምሮ ያስተማሩት ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ በ2006 በመቶ ዓመታቸው ያረፉትም እዚያው ካሊፎርኒያ ነው። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ለዚህ ከተማ ልጆች ሩቅ አይደለም። በ1994 ደግሞ ልጅነታቸውን ማጂ ያሳለፉት ጄን ከርትዝ ያንኑ ተረት በኢ. ቢ. ሉዊስ ሥዕል «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ብለው ለትንንሽ ልጆች አወጡት። ካታሎጉ ሁለቱንም የኢትዮጵያ ተረት ይላቸዋል፤ የሚሉት ግን የተለያየ ነው።

በቀድሞው ተረት አርሃ የተባለው አሽከር በልጅነቱ ከጉራጌ አገር አዲስ አበባ የመጣ ነው። ከውርርዱ በፊት ጨንቆት ወደ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌው በማዶው ተራራ ላይ እሳት ሊያነዱለት ቃል ይገባሉ፤ እሱም ሌሊቱን ሙሉ ያን እሳትና ያነደዱለትን ወዳጁን እያሰበ ይቆማል። ሰው አብሮት እያደረ ነው። ፍርዱን የሚያስተካክልለት ግን ራሱ አይደለም፤ ኃይሉ የሚባል ሌላ ባለጸጋ ነው ግብዣውን የሚያዘጋጀው። በከርትዝ መጽሐፍ ዓለማየሁ የሚባለው ልጅ የሚያየው እሳት የአንድ የማይታወቅ እረኛ ነው፤ ማንም ለእሱ ብሎ አላነደደውም። ብቸኝነቱ የበረታ ነው። በአንጻሩ ሀብታሙን በሽታ የሚቀጡት እዚያው ቤት የሚያገለግሉት እኅቱና ጓደኞቿ ናቸው። አንዱ «የሚያስብልህ ሰው አለ፣ ፍትሕ ግን ከላይ ይመጣል» ይላል። ሌላው «ሌሊቱን ብቻህን ነህ፣ ፍትሑን ግን ወጥ ቤት ያሉት ይሠሩታል» ይላል።

ይህ ልዩነት ለምርጫ ይጠቅማል። አዲስ ትምህርት ቤት ለገባና ቋንቋው ለሚያስቸግረው ልጅ የ1950ው ተረት ይሻላል፤ አንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብለት ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል፣ ለጆሮ የተጻፈ ነውና። ታላቅ እኅት ያለው፣ ወላጆቹ ምግብ ቤት ሲሠሩ ከጓዳ ሆኖ የሚያይ የፌርፋክስ ልጅ ግን የከርትዝን መጽሐፍ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። የሉዊስ የውኃ ቀለም ሥዕልም ግማሹን ይተርክለታል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ እንዲያስገዙ ተጠየቁ፤ ፈልገው አጡ። ሲያጡ ራሳቸው ጻፉ። በ2002 የወጣው «ሲሊ ማሞ» አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን የያዘ የማሞ ቂሎ ተረት ነው። በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያ ሪድስ በተባለው ድርጅታቸው በኩል አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ታሪኩ በብዙ ቦታ የተነገረ ስለሆነ እዚህ ማስረዘም አያሻም። መጽሐፉ ግን ስለ ሰውየው ከሚነገረው ያነሰ ተነብቧል። ማሞ ቂሎ እናቱ ያለችውን ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ጊዜው ግን አልፎበታል፤ የትናንቱን ምክር ለዛሬው ዕቃ ያውለዋል። ለእናቱ በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት እያስተረጎመ የሚያድግ ልጅ ይህን ቀልድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቃሉ ትክክል ሆኖ ነገሩ ሲበላሽ አይቷልና። ባለ ሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ «አማርኛ እንዳይረሳ» ተብሎ ይሰጣል፤ እንደ መድኃኒት። ይህኛው በሳቁ ቢሰጥ ይሻላል፤ አያት አማርኛውን፣ ልጅ እንግሊዝኛውን ይዘው አንድ ገጽ ላይ ይስቁበታል።

ከርትዝ ከወንድማቸው ከክሪስቶፈር ጋር የጻፉት «ኦንሊ ኤ ፒጅን» (1997) አዲስ አበባ ውስጥ ርግብ ስለሚያረባ ልጅ ነው። ርግብ፣ ልጅ፣ ጭንቀት፤ በቃ። ማንም የአገር ታሪክ አያስተምርበትም፤ ለዚህም ነው ደስ የሚለው። «ፋራዌይ ሆም» (2000) ደግሞ ለፌርፋክስ ቤቶች ከሁሉ የቀረበ ነው፦ አሜሪካ ያደገችው ደስታ አባቷ የታመሙ እናቱን ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ሲነሣ፣ ቀርቶ እንዳይቀርባት ትፈራለች። አባት ናፍቆቱን ያወራል፤ ልጅ የምትሰማው ስንብት ነው። ወላጅ ለልጁ «አገርህን እወቅ» ብሎ ሲያነብለት፣ ልጁ «አንተስ ትመለሳለህ?» ብሎ እየሰማ መሆኑን ይህ መጽሐፍ ለወላጁም ይነግረዋል።

ችግሩ የሚብሰው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ነው። የኤልዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» (2003) በአዲስ አበባ ጎዳና ስለወደቁት ማሞና ዳኒ ይተርካል። አንዱ ድኻ ነው፣ ሌላው ከሀብታም ቤት የሸሸ፤ ልብ አንጠልጣይነቱ እውነተኛ ነው። የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሬፉጂ ቦይ» (2001) አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑት ዓለም እንግሊዝ አገር ብቻውን ሲቀር ያሳያል። ሁለቱም ይመከራሉ፤ ግን ከሁለት በላይ ተመሳሳይ መጽሐፍ በተከታታይ መስጠት ልጁን በመከራ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። በመካከሉ የማርከስ ሳሙኤልሰን «ሜክ ኢት ሜሲ» (2015) ቢገባ ይረዳል፤ ስለ ምግብ፣ ስለ መውደቅና እንደገና ስለ መሞከር የሚያወራ የታዳጊ መጽሐፍ ነው። ማንጋና ኮሚክም ይግባ። «ቁም ነገር አይደለም» ብሎ ከልጁ እጅ መንጠቅ የአንባቢውን እጅ ባዶ ያስቀረዋል እንጂ በምትኩ ሌላ መጽሐፍ አያስይዘውም።

ወላጆች የሚስቱበት ሌላ ቦታ አለ፦ ሽልማት። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ሲገባ በየቤቱ ኩራት ሆነ፤ የሚገባም ኩራት ነው። ነገር ግን ጦርነቱን የሚያሳይበት ጭካኔ፣ በተለይ በሴቶች አካል ላይ የሚፈጸመው፣ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አይደለም። ለዐሥራ ሰባት ዓመቷ ግን፣ አንብቦ የሚያወያያት ትልቅ ሰው ካለ፣ ጥሩ ነው።

የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለድ (2007) ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። ልቦለዱ የአዋቂ ነው፤ በውስጡ ግን የመጽሐፍ ምክርን የሚመለከት አንድ ክፍል አለ። ባለሱቁ ስጦፋኖስና ኑኃሚን የተባለች የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ» አብረው ያነባሉ። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያም ስለ እሷም አይደለም፤ ለዕድሜዋም ከባድ ነው። የሚይዛቸው ማንበቡ ነው፤ ገበያ ቢጠፋ ባይጠፋ። እንዲህ ያለ ሱቅ ፌርፋክስ ላይ ቢፈለግ አይጠፋም፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጠው የወላጆቻቸውን ሥራ መጨረስ ይጠብቃሉ።

እዚያ ለሚጠብቅ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በመጀመሪያ የሚሰጠው የመሮን ሃደሮ «ዘ ስትሪት ስዊፕ» ይሁን። የ2021ን የኬይን ሽልማት ያገኘ አጭር ልቦለድ ነው፤ በ2022 በወጣው «ኤ ዳውን ሆም ሚል ፎር ዚስ ዲፊከልት ታይምስ» መድበል ውስጥ አለ። የአዲስ አበባ ጎዳና ጠራጊው ወጣት ጌቱ ክራቫት ለብሶ ሸራተን ሆቴል ወደሚደረግ የፈረንጅ ስንብት ግብዣ ይገባል፤ የተገባለት ቃል ባዶ መሆኑን ይረዳል፤ ግን የሚያለቅስ ሰው አይሆንም፤ ጨዋታውን አይቶ መጫወት ይማራል። ያስቃል፣ ያናድዳል፣ ቶሎ ያልቃል። መድበሉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአዋቂዎች ክፍል ነውና የታዳጊዎችን መደርደሪያ ብቻ የሚያይ ልጅ አያገኘውም፤ በስሙ ጠይቆ ማስያዝ አለበት።