ስኳርን ከሞለኪውል የሚለይ የኮምፒውተር ስሌትና የእንዶድ ፈተና

ሻውብ፣ ዚየለስኒ፣ ሽታይንቤክና ሶሮኪና እ.ኤ.አ. በ2020 በጆርናል ኦፍ ኬሚንፎርማቲክስ ያሳተሙት ጥናት፣ ከዕፅዋትና ከደቂቅ ሕዋሳት የሚገኙ ሞለኪውሎች የተሸከሙትን ስኳር ለይቶ የሚያስወግድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አቅርቧል። የሥራው መነሻ፣ ስኳሩ የንጥረ ነገሩን በሰውነት ውስጥ የመሰራጨት ጠባይ ቢወስንም፣ ዋናውን አካል ማለትም አግላይኮኑን ለማጥናት ብዙ ጊዜ እንቅፋት ይሆናል የሚል ነው።

ዘዴው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ከሌላ ቀለበት ጋር ያልተጣመረ፣ አንድ ኦክስጅን የያዘ፣ ባለ5፣ ባለ6 ወይም ባለ7 አቶም ቀለበት ይፈልጋል። ቀጥሎም ከቀለበቱ ጋር በቀጥታ የተያያዙትን ኦክስጅኖች ይቆጥራል፤ ቁጥራቸው ከቀለበቱ አቶሞች ግማሽ ካላነሰ ቀለበቱን ስኳር ይለዋል። በዚህ መለኪያ 4 ኦክስጅን ያለው ግሉኮስ በቀላሉ ያልፋል፤ የዲጎክሲን ስኳር 3 ብቻ ስላለው ለጥቂት ያልፋል። የዶክሶሩቢሲን ስኳር ግን ከኦክስጅኖቹ አንዱ በናይትሮጅን ስለተተካ 2 ብቻ ይቀሩታልና ሳይታወቅ ይታለፋል። መለኪያውን ተጠቃሚው ሊለውጠው መቻሉ የሥራው በጎ ጎን ነው።

ጥያቄ የሚነሳው ከመነሻ ሐሳቡ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመቆጣጠር የተደረገው ምርምርም ከዚሁ ተነሣ። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በሁለት ቦታ ስኳር የተሸከሙና ቀንድ አውጣን የማይገድሉ ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ ኢንዛይሙ የአንዱን ቦታ ስኳር ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ መርዛማ ይሆናሉ። ስኳሩ ከሁለቱም ቦታ ቢወገድ ደግሞ ኃይሉ ይጠፋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ስኳሩ ጌጥ ሳይሆን በመግደልና ባለመግደል መካከል ያለ ወሰን ነው።

ፕሮግራሙ ስኳሩን ሁሉ ሲያነሣ ከእንዶድ ዋና ሳፖኒኖች የሚቀረው ኦሊያኖሊክ አሲድ ነው። ይኸው አሲድ በወይራ ቅጠልም ይገኛል። በሰበታ አቅራቢያ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን የሚበቅለው ወይራና ለልብስ ማጠቢያ የሚውለው እንዶድ በመዝገቡ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ ማለት ነው።

ይህ ለጤና ባለሙያው ተራ ነገር አይደለም። እንዶድ ጽንስን ለማስወረድና የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲጠጣ ኖሯል፤ ከባድ ትውከትና ተቅማጥም ያስከትላል፤ ሞትም አድርሷል። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የገጠመው ባለሙያ፣ የዕፁን ጉዳት በአግላይኮኑ ብቻ ቢመዝን በከንቱ ይረጋጋል።

ፕሮግራሙ የተወገደውንም ስኳር ለይቶ መስጠት ይችላል። ስለዚህ የአገር ውስጥ መድኃኒት ዕፅዋትን የሚመዘግቡ ወገኖች በመሣሪያው ሊጠቀሙ ይገባል፤ ሆኖም ሙሉውን ሞለኪውል፣ የተገፈፈውን አካልና ስኳሩ የነበረበትን ቦታ ጎን ለጎን ማስፈር፣ ዕፁ የሚዘጋጅበትንም መንገድ መጨመር ይጠበቅባቸዋል።