እሳት የላሰች እናት

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን የራዱ ሚሃይሌአኑን «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተሰኘ ፊልም ሳይ አንድ ተረታችን ትዝ አለኝ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

በ1984 እ.ኤ.አ. «በሙሴ ዘመቻ» ከሱዳን ወደ እስራኤል የተወሰደው ኢትዮጵያዊ ልጅ አሳዳጊዎቹ ቤት ገብቶ አልበላም ይላል፤ ይደባደባል። ጎረቤቱ ብሆን «ባለጌ!» ብዬ ባለፍሁ። ተመልካች ግን ምስጢሩን ያውቃል። የተጠራበት ስም የሌላ፣ የሞተ ልጅ ስም ነው፤ እናቱም በስደተኞች ጣቢያ ቀርታለች። እሷ እየተራበች እሱ እንዴት ይጉረስ?

የተማሪ ወላጆች «ልጆቻችንን በበሽታ ይበክላል» ሲሉ አሳዳጊ እናቱ ያዔል በፊታቸው ፊቱን ትልሳለች። ከዚህ ትዕይንት የሚበልጥ በፊልሙ ውስጥ አላገኘሁም። እሳቱን ላሰችው።

ቅር ያለኝ ፍጻሜው ነው። ልጁን ሐኪም አድርጎ ከወላጅ እናቱ ጋር ሲያገናኘው ቁስሉ በቶሎ የሚሽር ይመስላል። ሁሉም ቤት እንዲህ አይቀናውም። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ብትከለክልም፣ ቀድመው የሄዱ ልጆቻችን ዛሬም በሰው አገር እያደጉ ነው። አሳዳጊዎቻቸው «ለምን አይበላም?» ከማለታቸው በፊት «ማንን ትቶ መጣ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ።