«የተረጋገጠ ግልባጭ»፤ የተረጋገጠው ምኑ ነው?

የመንግሥት መዝገብ ከመደርደሪያው ወርዶ ችሎት አይቆምም፤ የሚቆምለት ግልባጩ ነው። ስለዚህ የዳኛው እምነት የሚያርፈው በግልባጩ ግርጌ ከማኅተሙ አጠገብ በሰፈረች አንዲት ቃል ላይ ነው። ይህች ቃል፣ ማለትም «ተረጋግጧል» የምትለው፣ በሕግ ነክ ጽሑፎቻችን ውስጥ ከአቅሟ በላይ ተጭናለች።

«አረጋገጠ» ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። ውል በሹም ፊት ሲፈረም ሹሙ ፊርማውን ያረጋግጣል፤ ግልባጩ ከዋናው አለመለየቱን የሚመለከተው ሠራተኛም ያረጋግጣል፤ ተከራካሪውም የነገሩን እውነትነት ለዳኛው ያረጋግጣል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ይህንኑ ቃል በስሙ ተሸክሟል። የፊተኞቹ ሁለት ሥራዎች ስለ ወረቀቱ ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ግን ስለ ተፈጸመው ነገር ነው። አንድ አባት የልጁን የልደት ቀን አሳስቶ ቢያስመዘግብ፣ ግልባጩ ስሕተቱን አንድ ፊደል ሳይለውጥ ይዞ ይወጣል፤ «የተረጋገጠ» መባሉም በቦታው ነው። የዕድሜ ወይም የውርስ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ያው ቃል ቀኑ ራሱ ተጣርቶ የተገኘ ያስመስለዋል። መዝገቡ እስኪስተባበል ድረስ ይታመን ዘንድ ሕግ ቢያዝ እንኳ፣ እምነቱ የሚመነጨው ከመዝገቡ እንጂ ከግልባጩ ማኅተም አይደለም። ቃሉ ይህን ልዩነት ሲያደበዝዝ የሚጎዳው መዝገቡን ሊሞግት መብት ያለው ወገን ነው።

«ግልባጭ»ም ቢሆን ነቀፌታ አያጣውም። በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፤ ለእገሌ መሥሪያ ቤት» ስንል ለማሳወቅ የተላከ ማለታችን ነው፤ ለማስረጃ የሚሆን ማለታችን አይደለም። ግሡ ጭነት የሚዘረግፈውን መኪናም መንግሥት የሚጥለውንም ሰው ያገለግላል። «ቅጂ» የተሻለ ነው የሚሉ አሉ፤ «ቀዳ»ም ግን ከምንጭ ውሃ፣ ከገንቦ ጠጅ፣ ከዘፋኝ ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ቃል ነው። «የፍርድ ግልባጭ» በችሎት ሥር ሰዷልና፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መንቀል አያስፈልግም።

መታረም ያለበት ቅጽሉ ነው። መድኃኒቱን ደግሞ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከእኛ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቀድመው አግኝተውታል። በማኅተማቸው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ወይም «ተገናዝቧል» የሚል ይነበባል። ሁለተኛው መልካም ነው፤ የመጀመሪያው ግን ይበልጣል። «አመሳከረ» ከ«መሰከረ» የወጣ ነውና ሁለት ጽሑፎች አንዱ ለሌላው እንዲመሰክር ማድረግን ይገልጻል፤ ከዚያ አልፎ ስለ ይዘቱ እውነትነት ምንም ቃል አይገባም። እንግሊዝኛው «ሰርቲፋይድ ኮፒ» የሚለውን «የተመሳከረ ግልባጭ»፣ በሹም ፊት የተፈረመውን ደግሞ «የተረጋገጠ ሰነድ» ብንል ሁለቱ ይለያያሉ። «የተመሳከረ» የሹሙን ሥልጣን አያሳይም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሥልጣንን የሚያሳየው ፊርማውና ማኅተሙ ነው፤ ቅጽሉ ሁሉን እንዲሸከም መጠበቅ የለበትም።

ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአማርኛው «የክብር መዝገብ» የሚለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ነው፤ «ክብር» እዚህ ላይ የሰው ሕጋዊ ሁኔታ ነው፤ «የማዕረግ መዝገብ» አድርጎ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ስሕተት ነው። ከዚህ መዝገብ የሚወጣው «የምስክር ወረቀት» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተመረጡ ነጥቦችን ብቻ ይይዛልና ግልባጭ አይባልም። ፈረንሳይኛው ሙሉውን ከተቀነሰው በስም ይለያል፤ እኛ ለተቀነሰው እስካሁን የጸና ስም የለንም። «ቅንጫቢ» ለጊዜው ይሞከር።