ስለ ስልክ ቀልድና ስለ ፊደላችን

ጎጃም ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የጸኑበት አገር እንደ መሆኑ፥ የሞጣ ወጣቶች በእጅ ስልክ የሚለዋወጡት ቀልድ ኅብረ ቃል ቢበዛበት አያስደንቀንም። ጨዋታውንም አንነቅፍም። የምንነቅፈው ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል መጻፉን ነው። «ተራ» እና «ጠራ» በላቲን ሲጻፉ አንድ መልክ ይይዛሉና፥ አንባቢው መሳቁን ትቶ ቃሉን ሲፈታ ይቆያል። በቅኔ አንዱ ቃል ሁለት ፍች የሚይዘው በባለቅኔው ፈቃድ ነው፤ በዚህ ግን ጸሐፊው ሳያስበው ነው። ቀድሞ «መሣሪያው ፊደላችንን አይቀበልም» ይባል ነበር። ፊደላችን የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ከሆነው ከዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ገባና ዛሬ በስልክ ላይ ስለሚገኝ፥ ይህ ምክንያት አይበቃም። ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምንመክረው ቀልዱን እንዲተዉ ሳይሆን በፊደላቸው እንዲጽፉት ነው።